አንድ ቋንቋ በሁለት አጻጻፍ፦ ቡድናችን ይከፈላል ወይ?

ጥያቄ፦ «ጋሼ ሰላም ነው? ቅዳሜ ቅዳሜ አራት ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት እየተገናኘን ኦካምል የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ እናጠናለን። ግማሾቻችን የመጣነው ከጃቫስክሪፕት ነው። የኦካምል አጻጻፍ ዓይናችን አልለመደውምና ሪዝን በሚባለው በሌላው የኦካምል አጻጻፍ እንጻፍ እንላለን። ሌሎቹ ደግሞ ‹ዋናው እያለ ለምን?› ብለው ተቆጡ። ውስጡ አንድ ከሆነ ሲንታክሱን፣ ማለትም የአጻጻፍ ሕጉን፣ መቀየር ምን ጉዳት አለው? የእነዚህን የፋንክሽናል (ሥራን ሁሉ በፋንክሽን የሚገልጹ) ቋንቋዎች ማኅበረሰብስ እንዴት ነው የሚነካው? አንዱ ጓደኛችን ጭራሽ ‹ቁልፍ ቃላቱን በአማርኛ እናድርጋቸው› ብሏል። ምን ይሉናል?»

መልስ፦ ሰላም ወንድሜ። ከመጀመሬ በፊት ወገንተኝነቴን ልናገር። እኔ እንጀራዬን የበላሁት በኤርላንግ ነው። ኤርላንግ ኤሊክሰር የሚባል ጎረቤት መጥቶበት አብሮ መኖር የተማረ ቋንቋ ነው። ስለዚህ በዚህ ጉዳይ ገለልተኛ አይደለሁም፤ እያወቅህ አንብብ። ዓመተ ምሕረቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፋቸው።

ውስጡ አንድ ነው ያልከው ልክ ነው። ኮምፓይለር፣ ማለትም ኮድህን ማሽኑ ወደሚገባው የሚተረጉመው ፕሮግራም፣ ኮዱን ሲያነብ መጀመሪያ ወደ ዛፍ ይቀይረዋል፤ ዛፍ የምለው የኮዱን መዋቅር ነው። ዛፉ ላይ ሴሚኮለን የለም፣ ቅንፍ የለም፣ ባዶ ቦታ የለም። ኦካምልና ሪዝን የሚለያዩት እዚያ እስኪደርሱ ብቻ ነው። ሰው ግን ዛፉን አያይም። እኛ አዲስ አበባ ሁለት ሰዓት ይዘን እንኖራለን። የጠዋቱ ሦስት ሰዓትና የፈረንጁ ዘጠኝ ሰዓት አንድ ቅጽበት ናቸው፤ መቀየሩም ስድስት መደመርና መቀነስ ነው። ቀጠሮ የሚበላሸው ግን ማን በየትኛው እንደተናገረ ሳይታወቅ ሲቀር ነው። ሲንታክስም እንደዚያው ነው። ጣጣው ያለው በዙሪያው ነው፤ በማንዋሉ፣ በስህተት መልዕክቱ፣ ሌላ ሰው ሠርቶት በምታወርደው ፓኬጅ፣ ቴሌግራም ላይ በሚለጠፈው ኮድ፣ ነገ ምን እንደሚሆን በሚወስነው ሰው።

ከራሱ ከሪዝን ልጀምር፤ ታሪኩ ብዙ ያስተምራል።

ሪዝንን ፌስቡክ በ2016 ይፋ ሲያደርገው ከጀርባው የነበረው ሪአክት የሚባለውን የዌብ ገጽ መሥሪያ የፈጠረው ጆርዳን ዎክ ነው። ኦካምል ድሮም ጎበዝ ቋንቋ ነው። ፈጣን ነው፤ የዳታ ዓይነቶቹንም ሳትጽፍለት ራሱ ይደርስባቸዋል። የጃቫስክሪፕት ሰው ግን ሲያየው ይደነግጣል። ፋንክሽን ሲጠራ ቅንፍ የለም፣ ኮማ የለም። ስሙን ጽፈህ፣ ባዶ ቦታ ትተህ፣ ግብዓቱን ታስከትላለህ። ኮማ ካስገባህ ሁለት ግብዓት ሳይሆን አንድ ጥንድ ሰጠህ ማለት ነው። ሪዝን ይህን ሁሉ በለመድከው ቅንፍና ኮማ አለበሰው።

በዚያው ዓመት ብሉምበርግ ውስጥ ሆንቦ ዣንግ የሠራው በክልስክሪፕት ወጣ። ኦካምልን ወደ ጃቫስክሪፕት የሚቀይር ኮምፓይለር ነው። ሁለቱ ሲገናኙ ነገሩ ተቀጣጠለ። በ2017 የሜሴንጀር ዌብሳይት ኮድ ግማሹ ወደ ሪዝን መዞሩን ቡድኑ አስታወቀ። ኦካምል የሚባል ነገር ሰምቶ የማያውቅ ሰው በሩን ከፍቶ ገባ። ሬፍምት የሚሉት መሣሪያም ነበር፤ በአንዱ አጻጻፍ የተጻፈውን በሌላው ያወጣልሃል። ሪዝን 3 የፋንክሽን አጠራሩን ወደ ጃቫስክሪፕት ይበልጥ ሲያቀርብ የሰዉን አሮጌ ኮድ መሣሪያው ራሱ ቀየረው። እስከዚህ ድረስ አዲሱ ሲንታክስ የሚመሰገን ሥራ ነው የሠራው።

ግን ማንን ሰበሰበ? ሁለት ዓይነት ሰው። አንዱ ኮዱ በቀጥታ ማሽን ላይ እንዲሮጥለት የሚፈልግ የኦካምል ሰው ነው፤ ፓኬጁን ኦፓም ከሚባለው የኦካምል ማከማቻ ያወርዳል። ሌላው ሥራው ብራውዘር ላይ ነው፤ እሱ የሚያውቀው የጃቫስክሪፕቱን ማከማቻ ኤንፒኤምን ነው። አንዱ «ለዚህማ ጥሩ ላይብረሪ አለ» ሲል ሌላው ሊጠቀምበት ይሞክርና ብራውዘር ላይ አይሠራም። አጻጻፋቸው አንድ ስለሆነ አንድ ማኅበረሰብ መሰሉ። አልነበሩም።

በ2020 ተለያዩ። የበክልስክሪፕት ቡድን የራሱን አዲስ ሲንታክስ ሠርቶ ሪስክሪፕት ብሎ ሰየመውና ፊቱን ሙሉ በሙሉ ወደ ጃቫስክሪፕት አዞረ። ሪዝን የሚለው ስም ለኦካምል ወገን ቀረ። ከኦካምል ሳይርቁ ጃቫስክሪፕት ማውጣት የፈለጉት ደግሞ የበክልስክሪፕትን ኮድ ወስደው ሜላንጅ የሚባል ቅርንጫፍ አበቀሉ። ኢንተርኔት ላይ የተበተነው ጽሑፍ ግን ከስሙ ጋር አብሮ አልተቀየረም። ዛሬ ስለ ሪዝን ስትፈልግ ከሪስክሪፕት በፊት የተጻፈ ብዙ ነገር ይመጣልሃል። የትኛው ለየትኛው እንደሚሠራ የምታውቀው ቀኑን አይተህ ነው። በሞባይል ዳታ ለሚማር ሰው ይህ ቀልድ አይደለም፤ ሳያውቅ የማይሠራለትን ባወረደ ቁጥር ብሩ ይሄዳል።

ብዙ ሰው ይህን ታሪክ ሲያወራ «ሲንታክስ ቀየሩና ማኅበረሰቡን ከፈሉት» ይላል። እኔ ግልባጩን ነው የማምነው። ሰዎቹ ከመጀመሪያውም ሁለት ነበሩ። የጋራ ሲንታክሱ ነገሩን ለአራት ዓመት ያህል ደበቀው።

ሪዝን ደግሞ የመጀመሪያው አይደለም። ካምልፒ4 በሚባለው የዳንኤል ደ ሮግሎድር መሣሪያ በኩል ኦካምል «የተስተካከለ» የሚባል ሌላ አጻጻፍ ነበረው። በእርግጥም የተስተካከለ ነበር። በተለመደው ኦካምል ማች (እንደ ዳታው መልክ ቅርንጫፍ የሚመርጥ ትእዛዝ) ውስጥ ሌላ ማች ስትጽፍ በቅንፍ ካልከበብከው የውስጠኛው የውጪውን ቅርንጫፎች ይውጥብሃል። ጀማሪ ሁሉ አንዴ ይወድቅበታል። በተስተካከለው አጻጻፍ ቅርንጫፎቹ የሚከበቡበት ቅንፍ ስላላቸው ይህ አይደርስም። ታዲያ ለምን አላሸነፈም? መጽሐፉ ሁሉ በአሮጌው ነው። ሰዉ መድረክ ላይ የሚያሳየው ኮድ በአሮጌው ነው። የተሻለ መሆን ብቻውን ብዙ አያስኬድም። በ2014 ኦካምል 4.02 ሲወጣ ካምልፒ4 ከቋንቋው ጋር አብሮ መታደሉ ቀረ። ፒፒኤክስ የሚባል ዘዴ ተተካበት፤ ይህ ደግሞ ዛፉን እንድትለውጥ ይፈቅድልሃል እንጂ የኮዱን መልክ አይነካም። ምርጫው ራሱ ብዙ ይናገራል።

የስህተት መልዕክት ነገር ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ለናንተ ዋናው እሱ ነው። ሰው ቋንቋ የሚማረው ኮምፓይለሩ ሲቆጣው ነው። አንተ በሪዝን «ሊስት» ብለህ በቅንፍ ውስጥ «ኢንት» ጻፍክ እንበል። የኦካምል ኮምፓይለር መልሶ «ኢንት ሊስት» ይልሃል፣ በተገላቢጦሽ፣ ያለ ቅንፍ። ይህ ቀላሉ ነው። ዓይነቱ ሲወሳሰብ ግራ ትጋባለህ። የሪዝን ሰዎች መልዕክቱን ወደ ራሳቸው አጻጻፍ የሚመልስ መሣሪያ እስከ መሥራት ደርሰዋል። ስለዚህ በአማራጭ ሲንታክስ የጀመረ ሰው የሚጽፈው አንዱን ብቻ ይሁን እንጂ ማንበብ ያለበት ሁለቱንም ነው። «ይቀለኛል» ብሎ የገባ ሰው ውሎ አድሮ ድርብ ሸክም ይሸከማል።

አሁን ወደ ቤቴ ልመለስ።

ኤርላንግ ኤሪክሰን ውስጥ በ1986 ተጀመረ፤ ለስልክ መቀያየሪያ። በ1998 ለሁሉም በነፃ ተለቀቀ። አጻጻፉ ፕሮሎግ ከሚባል ሌላ ቋንቋ የወረደ ነው። ተለዋዋጭ በትልቅ ፊደል ይጀምራል። መስመሮች በኮማ ይያያዛሉ፤ ፋንክሽኑ በነጥብ ይዘጋል። መጨረሻ ላይ መስመር ስትጨምር ነጥቡን ወደ ኮማ መቀየር ትረሳና ኮምፓይለሩ ይጮህብሃል። እኛ ለመድነው። አዲስ የሚመጣው ግን አይቶ ይሸሻል።

ከዚያ ሩቢ በሚባል ቋንቋ ከተሠራው የዌብ መሥሪያ፣ ከሩቢ ኦን ሬይልስ ሰፈር ጆዜ ቫሊም መጣ። ኤሊክሰር 1.0 የወጣው በ2014 ነው። «ኤርላንግ የሩቢ ልብስ ለብሶ» ይሉታል። አይደለም። ኤርላንግ የሌለው የማክሮ (ኮድ የሚጽፍ ኮድ) ሥርዓት አለው፣ ሚክስ የሚባል አንድ ወጥ መሣሪያ አለው፣ ዶክመንቴሽን ከመጀመሪያው እንደ ዋና ሥራ የተያዘበት ቋንቋ ነው። ከሥሩ ያለው ማሽን ግን ያው ቢም ነው፤ ከኤርላንግ ጋር የሚመጣው የላይብረሪ ስብስብ ኦቲፒም ያው ነው። የኤርላንግን ፋንክሽን ከኤሊክሰር በቀጥታ ትጠራለህ፤ በመሀል የሚከፈል ዋጋ የለም።

ከሩቅ ሲታዩ ሁለት ማኅበረሰብ ናቸው። የሰዉ ጠባይ ሳይቀር ይለያል፤ አንዱ ዌብ ነው የሚያወራው፣ አንዱ ቴሌኮም። ሥራቸውን ስታይ ግን የተጋመደ ነው። ሄክስ የሚባለውን የፓኬጅ ማከማቻ የሠሩት የኤሊክሰር ሰዎች ናቸው፤ የኤርላንጉ የፕሮጀክት መሣሪያ ሪባር3ም ከዚያው ያወርዳል። በፕሮግራሞች መሀል መልዕክት የሚያቀባብለው ራቢትኤምኪው ዋናው አካሉ ኤርላንግ ሆኖ የትእዛዝ መስመር መሣሪያዎቹ በኤሊክሰር ተጽፈዋል። በ2019 ሁለቱንም የሚያቅፍ የኤርላንግ ኢኮሲስተም ፋውንዴሽን ተቋቋመ። በ2024 ደግሞ ኦቲፒ 27 ሲወጣ የኤርላንግ የራሱ ዶክመንቴሽን በኤክስዶክ ተዘጋጅቶ መጣ። ኤክስዶክ የኤሊክሰር መሣሪያ ነው። እኛ ሽማግሌዎቹ ለዓመታት ያላደረግነውን ልጆቹ አድርገው ሰጡን።

ሁሉም ግን ማር አይደለም። መንገዱ በአንድ በኩል ሰፊ፣ በሌላው ጠባብ ነው። ከኤሊክሰር ወደ ኤርላንግ ላይብረሪ መሄድ ቀላል ነው። ከኤርላንግ ወደ ኤሊክሰር ስትሄድ ግን የኤሊክሰርን ኮምፓይለርና መሠረታዊ ላይብረሪዎች ይዘህ መዞር አለብህ፤ በማክሮ የተሠራውንማ ጨርሶ አትጠቀምበትም። በዚህ የተነሣ ጥሩ ላይብረሪ በኤሊክሰር ሲጻፍ ኤርላንግ ላይ የቀረው ሰው ያጣዋል። ስለዚህ አንድ ቦታ ላይ ቁጭ ብዬ ሁለቱ ለምን ተስማሙ ብዬ ሳስብ መልሱ ፍቅር አይመስለኝም። ኤሊክሰር የኤርላንግን ማሽን ይፈልገዋል፤ ኤርላንግ የኤሊክሰርን አዲስ ሰው ይፈልገዋል። መለያየት ለሁለቱም ኪሳራ ነው። በሪዝን ጊዜ ይህ አልነበረም፤ የብራውዘሩ ወገን ያለ ኦካምል ሰው መኖር ይችል ነበር፣ ኖረም።

ሌላም አለ። ከኤርላንግ ፈጣሪዎች አንዱ ሮበርት ቪርዲንግ በ2008 ሊስፕ የሚባለው ቅንፍ የበዛበት አንጋፋ ቋንቋ አጻጻፍ ያለው ኤርላንግ ሠራ፤ ኤልኤፍኢ ይባላል። ቆንጆ ነው፣ ይሠራል። ግን ሊስፕ የሚወድና ኤርላንግም የሚፈልግ ሰው ስንት ነው? ማንንም አልጎዳም፤ ማኅበረሰቡንም አልለወጠም። አዲስ ሰው የማያመጣ ሲንታክስ ዕጣው ይኸው ነው።

ሊስፕን ካነሣን አይቀር፣ ከሁሉ የሚገርመኝ የሱ ታሪክ ነው። ጆን ማካርቲ ሊስፕን ሲነድፍ ይህ የቅንፍ ጫካ የሰው መጻፊያ እንዲሆን አላሰበም። ሰው የሚጽፍበት ኤም ኤክስፕሬሽን የተባለ ሌላ አጻጻፍ ነበረው። ቅንፉ የማሽኑ የውስጥ መልክ ነበር። ስቲቭ ራስል የማካርቲን ኢቫል (የሊስፕን ኮድ የሚያሰላ ፋንክሽን) በአይቢኤም 704 ኮምፒውተር ላይ ሲያስኬደው የውስጡ መልክ በቀጥታ መሥራት ጀመረ፤ ሰዉም በዚያው ቀረ። ማካርቲ ራሱ ኋላ እንደጻፈው፣ ኤም ኤክስፕሬሽን በይፋ ተተወ የተባለበት ቀን የለም። እየተላለፈ ቀረ፤ በዚህ መሀል የውስጡን መልክ የሚመርጥ አዲስ ትውልድ መጣ።

ከዚያ በኋላ ቅንፉን ለማንሣት ስንት ሰው ሞከረ! አፕል በ1990ዎቹ መጀመሪያ ዲላን የሚባል ቋንቋ ሲሠራ መጀመሪያ በሊስፕ አጻጻፍ ነበር፤ ኋላ ቅንፉን ጥሎ ተራ ቋንቋ መሰለ፤ አፕል ሥራውን ሲያቆም ቋንቋው ትልቅ ደጋፊ አጣ። ስኪም በሚባለው የሊስፕ ዘር ቋንቋ ዓለም ቅንፉን በመስመር ገባ ማለት የሚተኩ ዘዴዎች በይፋ ሰነድ ቀርበዋል፤ ይሠራሉም። ሰዉ አልተጠቀመባቸውም። የኔ ግምት ይህ ነው፦ ቅንፉ የሚያስጨንቀው ጀማሪውን ነው። ቋንቋው ላይ የሚወስነው ግን አንጋፋው ነው። ጀማሪው አማራጩን ለመሥራት አቅም ባገኘ ጊዜ ቅንፉን ማየት ትቷል።

ራኬት የሚባለው ሌላው የሊስፕ ዘር ቋንቋ ሰዎች በ2019 ይህን ግድግዳ ፊት ለፊት ገጠሙት። ከራኬት መሪዎች አንዱ ማቲው ፍላት ለወደፊቱ ራኬት ከቅንፍ ውጪ የሆነ አጻጻፍ ይኑረው የሚል ሐሳብ ሲያቀርብ ማኅበረሰቡ ታመሰ። «ራኬት 2» የሚለው ስም ራሱ የነበረውን ኮድ አሮጌ የሚያደርግ መሰለ። በኋላ አዲሱ ሮምበስ ተብሎ ራሱን የቻለ ቋንቋ ሆነ፤ ራኬትም እንዳለ ቀጠለ። ሁለቱ በአንድ ማሽን ላይ ጎን ለጎን ይኖራሉ። ብልህ ውሳኔ ነው እላለሁ። ሰውን ያስፈራው አዲስ አጻጻፍ መምጣቱ ሳይሆን የሱ አጻጻፍ ቀን ተቆጥሮለታል መባሉ ነበር።

ስካላ የሚባለው ቋንቋ ደግሞ በ2021 በስካላ 3 ሌላ መንገድ ሄደ። ጥምዝ ቅንፍም ይቻላል፣ እንደ ፓይተን በመስመር ገባ ማለትም ይቻላል፤ ኮምፓይለሩ ራሱ ከአንዱ ወደ ሌላው ይቀይርልሃል። ብዙ ተጨቃጨቁ። ጭቅጭቁ ከኮዱ ይልቅ ጊዜ በላ ብል አልተሳሳትኩም። ሃስኬል የሚባለው ፋንክሽናል ቋንቋ ደግሞ ድሮውኑ ሁለቱንም ይፈቅዳል፤ ማንም አይጣላበትም፤ ምክንያቱም ሁሉም ማለት ይቻላል በመስመር ነው የሚጽፈው።

እንግዲህ እናንተ። መጀመሪያ ከጃቫስክሪፕት የመጣችሁትን አንድ ነገር ልጠይቅ። ያስቸገራችሁ አጻጻፉ ነው ወይስ ሐሳቡ? በኦካምል ሁለት ግብዓት ለሚፈልግ ፋንክሽን አንድ ብቻ ብትሰጠው ስህተት አይደለም፤ ቀሪውን የሚጠብቅ ሌላ ፋንክሽን ይመልስልሃል። በሪዝንም ያው ነው። ግን ቅንፍና ኮማው ጃቫስክሪፕት ስለሚያስመስለው ዓይንህ ይታለላል። ግብዓት ትረሳለህ፤ ስህተቱ እዚያው ሳይሆን አሥር መስመር ዝቅ ብሎ ይወጣል። የለመድከው የሚመስል ነገር ካለመድከው የባሰ የሚያሳስትበት ጊዜ አለ።

ግባችሁ ብራውዘር ከሆነ ሜላንጅን ውሰዱ። ሁለቱንም አጻጻፍ ይቀበላል፤ ዶክመንቴሽኑ ላይም ምሳሌውን በኦካምል ወይም በሪዝን ለማየት የምትቀያይርበት ቁልፍ አለው። በእኔ ዓይን አማራጭ ሲንታክስ በአግባቡ የተያዘው እንደዚያ ነው። ግባችሁ ሰርቨር ወይም ቋንቋውን ራሱን ማወቅ ከሆነ በኦካምሉ ቀጥሉ፤ ዓይን በጥቂት ሳምንት ይለምዳል። ሪዝን የሚቀለው ልጅ ቤቱ በሪዝን ይጻፍ፣ ማንም አይከልክለው። ቴሌግራም ግሩፑ ላይ ሲለጥፍ ግን በሬፍምት አሳልፎ በኦካምል ያምጣው። ያኔ ከሳምንታት በኋላ የሚፈልግ ሰው አንድ መዝገብ ነው የሚያገኘው።

የአማርኛው ጓደኛችሁ ይቀራል። አትሳቁበት። ኤክሴል ፋንክሽናል ቋንቋ ነው ብትለው የካዛንቺስ ሒሳብ ሠራተኛ ሁሉ ይገረማል፤ ግን ነው። ኤክሴል በጀርመንኛ ስትከፍተው የፋንክሽኖቹ ስም በጀርመንኛ ይሆናል፤ ኮምፒውተሩ በጀርመን አካባቢ ቅንብር ሲሆን ግብዓት መለያው እንኳ ከኮማ ወደ ሴሚኮለን ይቀየራል። ፋይሉን አዲስ አበባ ስንከፍተው በእንግሊዝኛ ይታየናል፤ ምክንያቱም ፋይሉ የሚያስቀምጠው ሁለቱም የሚጋሩትን መልክ ነው። የሚቸገረው መልስ ኢንተርኔት ላይ የሚፈልገው ጀርመናዊ ነው፤ በእንግሊዝኛ የተሰጠውን መልስ እንዳለ ገልብጦ ቢለጥፈው አይሠራለትም።

በፊደላችን ላይ የሚጨመሩ ሁለት ጣጣዎች አሉ። አንደኛ፣ ግዕዝ ትልቅና ትንሽ ፊደል የለውም። ሃስኬል የዳታ ዓይነት ስም በትልቅ ፊደል ይጀምር ይላል፤ ኮምፓይለሩ ጂኤችሲ የኛን ፊደል እንደ ትንሽ ነው የሚቆጥረው። ስለዚህ ፋንክሽንህን «ደምር» ማለት ትችላለህ፤ ዓይነቱን «ደረሰኝ» ማለት ግን ከፊቱ የላቲን ትልቅ ፊደል ካልለጠፍክ አይሆንም። ኤሊክሰርም ለተለዋዋጭ ይፈቅዳል፣ ለሞጁል ስም አይፈቅድም። ኦካምል ከ5.3 ጀምሮ የጨመረው እንደ é ያሉ ምልክት ያላቸውን የላቲን ፊደላት ብቻ ነው፤ የኛን አይቀበልም። ሁለተኛው ይብሳል። አንዱ «ሠራተኛ» ብሎ ይሰይማል፣ ሌላው «ሰራተኛ» ብሎ ይጠራል። ለኛ አንድ ነው፤ ለኮምፓይለሩ ሁለት ስም ነው። ይህን የሚያስታርቅ ሕግ ከመጀመሪያው ካልተቀመጠ ቡድናችሁ ለመከፈል ሪዝን አያስፈልገውም።

መሞከር ከፈለገ ቦታው ራኬት ነው። የራስህን ትንሽ ቋንቋ ለመሥራት ታስቦ የተሠራ መሣሪያ ነው፤ የግዕዝ ስምም ያለ ችግር ይቀበላል። አንድ ምክር ብቻ ንገሩልኝ፦ ከቁልፍ ቃላቱ በፊት የስህተት መልዕክቶቹን በአማርኛ ይጻፍ።